የልጅ ልጄ ምርጫዋን የተናገረች ዕለት

መተማ፣ ልጄ ግቢ ውስጥ፣ ለምርቃት ቆመን ነበር። የነፍስ አባታችን ቄስ ከኒሙ ዛፍ ግንድ አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው፣ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው። ልጄ በቀኛቸው፤ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞታል። ምራቴ ከማድ ቤቱ ደፍ ላይ፤ ወጡ እንዳያርርባት አንድ ዓይኗ ወደ ውስጥ ነው። ጎረቤታችን ሽማግሌው ነጋዴ የትራክተሩን የኋላ ጎማ ተደግፈው፣ ጭቃ እንዳይነካው ጀለቢያቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው። እኔ ጉልበቴ አያስቆመኝምና ከግድግዳው ሥር፣ የወንበሬን መደገፊያ ይዤ። የልጅ ልጄ መሀል ላይ ብቻዋን፤ ከትከሻዋ ላይ አዲስ ነጭ ጋውን ተደርቧል።

ፍልሰታ ከተፈታ ጥቂት ቀን ሆኖታል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ከኒሙ ቅጠል ላይ ውኃው ይንጠባጠባል። የታረደው በግ ቆዳ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። በማግስቱ ጠዋት ልጅቱ በአውቶቡስ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች ተብሎ ሻንጣዋ በር ላይ ተቀምጧል።

ጋውኑን ያሰፋው ልጄ ነው። ገበያ ዳር ያለው ልብስ ሰፊ የሐኪም ጋውን ሰፍቶ አያውቅም፤ ሱዳኖች የሚያዙትን ጀለቢያ እንጂ። ስለዚህ ኪሶቹን እንደ ጀለቢያ ኪስ ጎንና ጎን አድርጎ፣ ርዝመቱን እስከ ቁርጭምጭሚት አውርዶት ነበር። ልጄ ይህን አላየም፤ ነጭነቱን ብቻ ነው ያየው። ልጅቱ ስትለብሰው ፈገግ አለች እንጂ አልተናገረችም። ያን ጊዜ ፈገግታዋ የደስታ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ አሥረኛን እንደጨረሰች አዲስ አበባ ባለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተፈትና ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘች። ትምህርት ቤቱ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል። እኛ እንደምናውቀው ትምህርት ቤት ሁሉም ሁሉን አይማርበትም፤ ተማሪው ራሱ ስድስት ትምህርት ይመርጣል። ምርጫው በስልክ የሚላክ ሆኖ፣ ኔትወርክ በተገኘበት ቀን ልጅቱ ጎጆ የሚያክል ቋጥኝ ላይ ወጥታ ላከችው። ልጄ ከእርሻ ሲመለስ «መረጥሽ?» አላት። «መረጥሁ» አለችው። «ጎበዝ» ብሎ እግሩን ታጠበ። ምን እንደመረጠች አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅሁም። ሐኪም ትሆናለች የሚለው ነገር በቤታችን ካደረ ብዙ ዓመቱ ነው፤ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ነጋዴው እንኳ በበሩ ሲያልፉ «ዶክተሯ አለች?» ነበር የሚሉት።

እዚህ ቆላ ሲመረቅ ስም እየተጠራ ነው። የግንቦት ዝናብ ሲቃረብ ቄሱ ይመጡና ትራክተሩን፣ የማረሻ ዲስኩን፣ የሰሊጡን ዘር፣ የማሽላውን ዘር፣ ሾፌሩን ሳይቀር አንድ በአንድ በስሙ እየጠሩ ይባርካሉ። ስሙ ያልተጠራ ነገር እንዳልተባረከ ይቆጠራል። አንድ ዓመት የውኃ በርሜሉ ተረስቶ በአረም ወራት መሀል ቢቀደድ፣ ልጄ ጥፋቱን በበርሜሉ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ነበር ያደረገው፤ አላስጠራሁትም ብሎ። ስለዚህ ቄሱ የልጅቱንም ትምህርት እንደዚያው ሊያደርጉት ፈለጉ።

«በይ ልጄ፣ የምትማሪውን አንድ በአንድ ንገሪኝ። ስሙን ልጥራውና ልባርከው» አሏት።

«አማርኛ።»

«ይባረክ።»

አሜን አልን።

«እንግሊዝኛ።»

«ይባረክ።»

«ሒሳብ።»

«እሱን ጠበቅ አድርገው ይባርኩት አባ፣ አባቷ ላይ አልሠራም» አሉ ነጋዴው። ልጄም ሳይቀር ሳቀ።

«የአካባቢ ሳይንስ» አለች ልጅቱ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ስለ አፈሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ደኑ ነው አባ።»

«ይባረክ። ዝናቡንም በልክ ያድርግልን።»

ልጄ ሁለት ጣቶቹን ባርኔጣው ላይ ዘርግቶ ነበር። ሁለት ቀርተዋል ማለቱ ነው። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ መሆናቸውን ከከንፈሩ ማንበብ ይቻል ነበር።

«አንትሮፖሎጂ» አለች።

ቄሱ መስቀሉን ከፍ እንዳደረጉ ቆሙ። «ማን?»

«አንትሮፖሎጂ፣ አባ። ስለ ሰው የሚያጠና ነው።»

«ስለ ሰው አካል ነው፤ የሐኪም ነው» አለ ልጄ ፈጥኖ፣ ለእኛ ለማናውቀው ሲያስረዳ።

«አካሉን አይደለም አባዬ» አለችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አኗኗሩን ነው። ሰው ሲያገባ፣ ሲቀብር፣ ሲጣላ፣ ሲታረቅ ምን እንደሚያደርግ፣ ለምን እንደሚያደርግ።»

«ይኸን ለማወቅ አዲስ አበባ ድረስ?» አሉ ነጋዴው። «እኔ ሱቅ ደጃፍ አንድ ቅዳሜ ብትቀመጪ አይበቃሽም?»

ማንም አልሳቀም። ቄሱ ልጄን አዩት፣ ከዚያ ልጅቱን አዩ። «ስድስተኛውስ?» አሉ።

«አረብኛ።»

መደንገጤን መደበቅ አልችልም። መተማ ዮሐንስ ላይ አረብኛ የማይሰማበት ቀን የለም። ሰሊጥ የሚገዛው፣ የከርከዴ ሻይ የሚሸጠው፣ ፉል ቤቱ፣ ሾፌሩ፣ ሁሉም ይችለዋል፤ ተምሮት የሚያውቅ ግን የለም። እኔ ራሴ ሽንኩርት ስገዛ በአረብኛ እከራከራለሁ፤ ግን ቋንቋ አውቃለሁ ብዬ አላውቅም። እንደ ጫማ ነው፤ ውጭ ይጫሙታል፣ ቤት ሲገቡ ያወልቁታል። ልጅ ከመተማ ተነሥታ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ፣ አረብኛ ልማር ትላለች ብሎ ማን ያስባል?

ነጋዴው ቀድመው ተነፈሱ። «አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ነው እንዴ በግ ያሳረድሽው? እኔ እዚሁ ጎማ ሥር አላስመርቅሽም ወይ? ሰምሰም፣ ጉሩሽ፣ ማፊ። ሰሊጥ፣ ገንዘብ፣ የለም። አለቀ፤ ዲፕሎማሽን ውሰጂ።»

ምራቴ ከደፉ ወረደች። «አባ» አለች፣ «ሃይማኖቷን ያስለውጣት ይሆን?»

«ቋንቋ ሃይማኖት አያስለውጥም» አሏት ቄሱ። «የግብፅ አባቶቻችን በምን የሚቀድሱ መሰለሽ?» ይህን ሲሉ ግን እሳቸውም ድምፃቸው እንደወትሮው አልነበረም።

ልጄ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ባዮሎጂውስ?»

«የለም አባዬ።»

«ኬሚስትሪውስ?»

«የለም።»

«ረስተሽው ነው?»

«አልረሳሁትም። የሚመረጠው ስድስት ነው። መርጬ ልኬያለሁ፣ ተቀብለውኛል፤ የመቀየሪያው ጊዜም አልፏል።»

«ማን ነው የመረጠልሽ?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ደስ ስለሚለኝ።»

ይህን ስትል በድፍረት አልነበረም። ስንት ሰዓት ነው ተብላ እንደተጠየቀች ነው የመለሰችው። እኔን ከአረብኛውም ይልቅ ያስደነገጠኝ ይኸኛው ነው። ጎንደር ትምህርት ቤት የገባሁት አባቴ ስለፈቀደ ነው፤ የወጣሁት ስለተዳርሁ። መተማ የመጣሁት ባሌ ስለተመደበ ነው። ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ የታይፕ መኪና ፊት የተቀመጥሁት ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነው። ልጄ ሰሊጥ የሚዘራው መሬቱ ሰሊጥ ስለሚወድ ነው። በዕድሜዬ አንድ ሰው ቄስ ፊት ቆሞ፣ ደስ ስለሚለኝ ብሎ ምክንያት ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ልጅቱ ምን ዓይነት ቤት ውስጥ ያደገች መስሏት ነው?

ቆይቼ ሳስበው ምልክቱ ፊቴ ነበር። ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከመጣ ወዲህ የቤቴን የኋላ ክፍል ከእናቷ ጋር ሸሽታ ለመጣች ሱዳናዊት አከራይቻለሁ። የልጅ ልጄ ማታ ማታ እዚያ ታመሻለች። ወጥ እየተማረች ነው ብዬ ነበር። አንድ ቀን ግን በሩ ክፍት ሆኖ ሳልፍ፣ ሙሽራ በሱዳን ስንት ቀን ተደብቃ እንደምትቆይ፣ ለምን እንደምትደበቅ ትጠይቃለች። በአረም ጊዜም ከጎጃምና ከወሎ ለሚመጡት ሠራተኞች ውኃ ስትወስድ ትዘገያለች። መጀመሪያ እርሻው ውስጥ ሲገቡ ምን እንደሚሉ፣ አገራቸውም እንደዚያው ይሉ እንደሆነ ስትጠይቃቸው ልጄ ደርሶ «ሠራተኛ ሥራ አታስፈቺብኝ» ብሎ ተቆጥቷታል። እኔ ወሬ ትወዳለች ብዬ ነው ያለፍሁት።

ልጄ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ እኔ አላየም። «ወንድሜን የቀበርሁት ሐኪም ጠፍቶ ነው» አለ።

ታናሽ ልጄን ማለቱ ነው። በካላዛር በሽታ ነው የሞተው። በአረም ወራት አብርሃ ጅራ አቅራቢያ እርሻ ላይ ያድር ነበር፤ መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ። ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልጽፍም።

«አውቃለሁ አባዬ» አለች ልጅቱ።

«ብታውቂማ እንዲህ አታደርጊም ነበር።» ባርኔጣውን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። በምርቃት መሀል ባርኔጣ ሲደረግ አይቼ ስለማላውቅ አውልቅ ልለው አፌን ከፈትሁ። አልደረስሁም።

«በመድኃኔዓለም ገዝቻለሁ!» አለ። «ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ሳትይዥ ከዚህ ግቢ በር እንዳትወጪ! ብትወጪ ልጄ አይደለሽም። ብሞት እንዳትቀብሪኝ፤ ብትሞቺ አልቀብርሽም!»

ምራቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ማድ ቤት ውስጥ ወጡ ማረር ጀምሮ ሽታው ሲመጣ የሄደለት አልነበረም።

ግዝት የማያውቅ አንባቢ ቁጣ ይመስለው ይሆናል። ቁጣ ይበርዳል። ግዝት አይበርድም። የተገዘተችውን ብቻም አይደለም የሚያስረው፤ የሰማውን ሁሉ ነው። እናቷ ሻንጣዋን ብታቀብላት፣ ነጋዴው እስከ መናኸሪያ ቢሸኟት፣ እኔ ስንቅ ብቋጥርላት፣ ሁላችንም ገባንበት ማለት ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ የጎንደር መንገድ እንኳን በግዝት፣ በምርቃትም ያስፈራል። መቅረት ብትመርጥ ዕድሉ ያልፋታል፤ መሄድ ብትመርጥ አባት የላትም። ልጄ ሰካራም አይደለም፣ ተሳዳቢም አይደለም። በሠራተኛ ላይ እንኳ ሲምል ሰምቼው አላውቅም። ቃሉ ከእሱ አፍ መውጣቱን ጆሮዬ አልተቀበለውም።

ቄሱ ወደ እሱ ዞሩ። «ምን አደረግህ? መስቀል ወጥቶ፣ ምርቃት ተጀምሮ፣ መሀል ገብተህ ትገዝታለህ? ግዝት የማን ሥልጣን ነው?»

«ይፍቱኝ አባ። አንዴ ተናግሬዋለሁ።»

«እንግዲያው አንሣው።»

«አላነሣም።»

«አንተ ሰው፣ ስማኝ» አሉ ነጋዴው፤ ከጎማው ተላቅቀው። ቀልዱ ጠፍቶባቸዋል። «ልጅ ናት። ነገ ተነገ ወዲያ ይገባታል። ባይሆን ...»

«እርስዎ አይግቡበት ጋሼ።»

ነጋዴው ወደ ጎማቸው ተመለሱ። ቄሱም መስቀሉን ወደ ደረታቸው መልሰው «የገዘተው ካላነሣ እኔ ምን ይዤ እፈታለሁ?» አሉ። ለማን እንደተናገሩት አልታወቀም።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ጋውኑን ከትከሻዋ አወረደች፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችው፣ ከጎማው በላይ ያለው የትራክተሩ ፓራፋንጎ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ «እሺ አባዬ፣ አልወጣም» አለች። «ሌላ ግን አልመርጥም።» ይህን ብላ ከኒሙ ሥር እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት፣ እግሯን አጥፋ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

ልጄን አየሁት። እሱም በእሷ ዕድሜ እንደዚያ ይቀመጥ ነበር፤ የፈለገውን ካላገኘ አይነሣም። ሁለቱን እያየሁ፣ ማንም ቀድሞ እንደማይንቀሳቀስ ገባኝ። ጠዋት አውቶቡሱ ይሄዳል። ልጅቱ እዚያው ትገኛለች። ከዚያ ወዲያ በዚህ ግቢ ውስጥ አባትና ልጅ በአንድ ገበታ ይቀርባሉ ብዬ አላሰብሁም።

በተወለድሁበት ደጋ ደም የተቃቡ ወንዶች ለመገዳደል ሲነሡ እናት ጡቷን አውጥታ ትቆማለች። ልጅ ሆኜ አንዴ አይቻለሁ፤ አክስቴ ነበረች። ሰውየው ጠመንጃውን ጥሎ መሬት ላይ ተደፋ። ጡት አውጥታ የለመነችውን እናት እንቢ ያለ ልጅ ምሕረት የለውም ይባላል። እኔ ከተማሩ በኋላ ይህን የባላገር ነገር ነው ከሚሉት ነበርሁ። ባሌ ሲቀበር እንኳ ነጠላዬን አላወረድሁም፤ ሰው ፊት መገላለጥ አልወድም።

የወንበሩን መደገፊያ ለቀቅሁ። እስከ ልጄ ድረስ ያለው መሬት ጭቃ ነው፤ ያለ ምርኩዝ ተራመድሁት። ምራቴ ልትይዘኝ መጣች፣ በእጄ መለስኋት። ፊቱ ስደርስ ነጠላዬን ወደ ኋላ ጥዬ እጄን የቀሚሴ አንገት ላይ አደረግሁ።

«ልጄ» አልሁት። «አንተንም ወንድምህንም ያጠባሁት በዚህ ነው። ሐኪም እንዴት እንደጠፋ አንተ አትነግረኝም። ልጅቱ ሐኪም እንድትሆን እኔም እፈልግ ነበር። አረብኛው እኔም አልገባኝም። ልጅ ግን በር ላይ አይገዘትም።»

የመጀመሪያውን ቁልፍ ፈታሁ።

ነጋዴው ፊታቸውን ወደ ትራክተሩ አዞሩ፣ ዓይናቸውንም በመዳፋቸው ሸፈኑ። ቄሱ አቀረቀሩ። «ኧረ በማርያም! ኧረ እናቴ!» አለች ምራቴ። ሁለተኛው ቁልፍ ጠባብ ነው፤ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። እጄን አየሁት። የእኔ እጅ አልመሰለኝም። እኔ ይህን የማደርግ ሰው ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ በዚያ ግቢ ከተሰማው ሁሉ የመጨረሻውን ድንጋጤ የደነገጥሁት በራሴ ነው።

ልጄ ባርኔጣውን አውልቆ ጣለው። ሁለት እጄን አንድ ላይ ያዘኝ። ጎልማሳ ከሆነ ወዲህ እርስዎ ነበር የሚለኝ። ያን ጊዜ ግን «እማ ተይ!» አለኝ። «ተይ እማ! ተይ!»

«አንሣው።»

«አንስቻለሁ።»

«ለእኔ አይደለም። ለእሳቸው ንገራቸው።»

እጄን ሳይለቅ ዞረ። «አባ፣ ግዝቴን አንስቻለሁ። ይፍቱን።»

«ሁሉን?» አሉ ቄሱ።

«ሁሉን። በሩንም፣ ቀብሩንም።»

እጄን ለቀቀኝ። ቁልፌን ዘጋሁ፣ ነጠላዬን መለስሁ። ቄሱ ወደ ልጅቱ ሄደው ካለችበት ሳያስነሡ መስቀሉን ራሷ ላይ አሳረፉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት። እናቷን፣ ነጋዴውን፣ እኔንም በየተራ አሳልመው ፈቱን። ልጄን መጨረሻ ላይ ፈቱት፤ መስቀሉን ከሌሎቻችን ይልቅ ግንባሩ ላይ ረዘም አድርገው ያዙት። ከዚያ የተቋረጠውን ምርቃት ካቆሙበት ቀጠሉ።

«አንትሮ ... ማን ነበር?»

«አንትሮፖሎጂ» አለች ልጅቱ።

«እሱም ይባረክ። አረብኛም ይባረክ።»

አሜን አልን። ነጋዴው ጮክ ብለው፣ ምራቴ እያለቀሰች። ልጄ ባርኔጣውን ከጭቃው አንሥቶ በክንዱ ይጠርገው ነበር፤ አሜን ይበል አይበል አላየሁም። ጋውኑ ፓራፋንጎው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ማንም ሊያነሣው አልሞከረም።

ልጅቱ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል «ልብስሽን አራግፊ፤ ጭቃ ነው» አልኋት። አራገፈች። ሌላ የምትለው ነበራት፤ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። «እማማ» ብላ ጀመረች፣ አቆመች።

«ይቀመጡ እንጂ እናቴ» አለች ምራቴ። «ያረረውን ከሥር ትቼ ከላይ የተረፈውን አወጣለሁ፤ ሳይቀምሱ አይሂዱ።»

ቁልፌን በፈታሁበት ግቢ ተቀምጬ መብላት አልሆነልኝም፤ ጃንጥላዬን ከወንበሩ ላይ አንሥቼ ወደ ቤቴ ልሄድ በበሩ ወጣሁ።